ሲንጠባጠቡ ኖረው በረሃብ የሞቱት ጋሽ ሳልባቲዮ

ቅሬው ባይጠራላቸውም ሐዘንተኛ አላጡም። ጎብዬ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ የአሮጌው ፒክአፕ የቤንዚን ቋት፣ ሳልባቲዮው፣ ተፈትቶ አቧራ ላይ ሲጋደም ሹፌሩ፣ ረዳቱና መካኒኩ ዙሪያውን ከበው ዝም አሉ። ዝምታው የቆየው መካኒኩ ረስቶ ክብሪት እስኪያወጣ ድረስ ብቻ ነው።

የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ አጭር ነው። ሟቹ በትውልድ ጃፓናዊ፣ በስም ጣሊያን ነበሩ። ስማቸው ከካምቢዮ፣ ከፍሪሲዮንና ከጎሚስታ ጋር አንድ ቤት ያደገ ነው፤ በወልድያና በቆቦ አድርጎ አስመራ የሚዘልቀውን መንገድ የሠሩት ጣሊያኖች ሲሄዱ የጋራዡን ቋንቋ ጥለውልን ሄደዋል። አካላቸው ላሜራ፣ ልብሳቸው ዝገት የሚከላከል የእርሳስና የቆርቆሮ ቅብ ነበር። ከአላውሃ እስከ ሮቢት ስንት ኩንታል ማሽላና ጤፍ እንዳጓጓዙ ለቀስተኛው ያውቃል፤ ይለፈን።

የማይታለፈው ማንጠባጠባቸው ነው።

ጋሽ ሳልባቲዮ የገቡበት ግቢ ተጠይቆ አይታወቅም ነበር፤ ሽታቸው ይመራል። በቆሙበት ጥላ ሥር ሣር አልበቀለም። መድኃኒታቸው የልብስ ሳሙና ነበር። ረዳቱ በጀርባው ከመኪናው ሥር ይገባና ስንጥቁ ላይ ሳሙናውን እየጫነ ያሻል፤ ቤንዚን ሳሙና ስለማያሟሟ ለጥቂት ቀን ይይዛል። በሟቹ ሆድ ላይ ያለቀው ሳሙና ለረዳቱ ሸሚዝ ውሎ ቢሆን፣ ሸሚዙ ነጭ እንደነበር ዛሬ አገር ባወቀ።

ብየዳ ሲታሰብማ ሰፈሩ ይሸሻል። ከሙሉው ይልቅ ባዶው ሳልባቲዮ ያስፈራል፤ ውስጡ የቀረው ትነት ነውና የሚፈነዳው። ስለዚህ በያጁ አስቀድሞ ውሃ ይሞላቸዋል። በመጨረሻ ዘመናቸው ሟቹ ጢም ብለው ሞልተው የታዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በውሃ።

አሁን «እርጅና ነው የገደላቸው» ይባላል። መካኒኩ ግን ቀዳዳውን በባትሪ እያበራ ጣሪያቸውን አሳየ፤ ዝገቱ ከላይ ነው። ሳልባቲዮ ሲሞላ ብረቱን አየር አያገኘውም። ሲጎድል ግን የራያ ቆላ ቀን ያጋለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጣሪያው ያልበዋል። ላቡም ወርዶ ከቤንዚኑ ሥር ይተኛል፤ ውሃ ይከብዳልና። እንግዲህ ከላይም ከታችም ተበሉ።

ያጎደላቸው ማን ነው? በ2014 ክረምት 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው የቤንዚን ሊትር በ2017 አጋማሽ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ማደያው «የለም» ሲል ደግሞ ቤንዚኑ መንገድ ዳር በሃይላንድ ተደርድሮ ይገኛል፣ ከታሪፉ በላይ። ጥንት ሲያንጠባጥቡ ይሳቅባቸው የነበሩ ሽማግሌ፣ በኋላ እያንዳንዷ ጠብታ ትቆጠርባቸው ጀመር። ያን ሁሉ ሊትር የሚይዝ ሆድ ተሸክመው በሁለት ሃይላንድ ጦም አደሩ። ገዳዩ ስሙ አይጠራም። ለቅሶ ላይ ቢመጣም ወረፋ ይዞ አይመጣም።

በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ያለውን አሮጌ እያስታመሙ መኖር ነው። ስለዚህ ወራሹ ሳልባቲዮ «ልኩ ነው» ተብሎ በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። አዲስ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ልኩ ግን ያልሆነ። የማሰሪያው ቀዳዳ ከብሎኑ በጣት ስለራቀ በሞረድ ሰፋ። የጌጁ ተንሳፋፊም ከጥልቀቱ ጋር አልተስማማም፤ ቀስቷ ግማሽ ላይ ቆማ ቀረች።

አስከሬኑን ቆራሌው በኪሎ ወሰደው፣ ሳሙናው ገና ሆዱ ላይ እንደተለጠፈ።

ማታ ሹፌሩ እንደ ልማዱ ከመኪናው ሥር መዳፉን ዘረጋ። ደረቅ ነው። አሸተተው፤ ምንም የለም። ትንሽ ቆየና አዲሱን በጣቱ ቢያንኳኳው እንደ ከበሮ ጮኸ፤ ጌጁ አሁንም ግማሽ ይላል። ረዳቱ ሳይታዘዝ ባዶውን ሃይላንድ አንስቶ ወደ አስፋልቱ ወጣ።