ዋልያው፣ ጅቡና የጭላዳ ሰልፍ

በድሮ ጊዜ በስሜን ተራሮች፣ ከራስ ደጀን ግርጌ፣ አንድ ዋልያ ገደል አፋፍ ላይ የፈለቀች ምንጭ ይጠብቅ ነበር። በበጋ የጠማው ሁሉ ይመጣል፤ እሱም በተራ በቅል እየቀዳ ያጠጣል።

አንድ ቀን አያ ጅቦ ከገደሉ ሥር መጣና «በየሳምንቱ አንድ ግልገል ካልገበርክልኝ ደጅህን አዘጋዋለሁ» አለው። ዋልያው እምቢ አለ።

ጅብ ገደል መውጣት አይሆንለትም። ሣር ሲነጩ ወደሚውሉት ጭላዳዎች ሄደና «ዋልያው ውሃ ደጋግሞ ለጠየቀው ጨው ያድላል» ብሎ አሳመናቸው። በማግስቱ ጭላዳ ገደሉን ሞላው። ደረተ ቀዩ አውራ «ውሃ ቅዳልኝ» አለ። ዋልያው ቀድቶ ቅሉን ሲዘረጋ የሚቀበለው የለም፤ አውራው ዞሮ ከሰልፉ ጭራ ቆሟል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ምንጯ ጠብታ ሳይጎድልባት፣ አንዲት ድኩላ ከነግልገሏ ከኋላ በጥም ደረቀች።

«መንገዱን ልዝጋው?» አለ ዋልያው።

«ዝጋና የጅብን ሥራ ጨርስለት» አለችው ቁራ።

«ጭላዳ አይምጣ ልበል?»

«ከመሃላቸው እውነት የጠማው አለ።»

«ቅል ልጨምር?»

«ጭላዳው ለጅብ በነጻ ነው፤ ቅሉ ግን ካንተ ኪስ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ እመት ቁራ?»

«ጎንደር የፋሲል ግቢ 12 በር አለው፤ ባልደራስ በር፣ እምቢልታ በር እየተባለ ሰዉ በየበሩ ይገባል። አንተም ውሃውን በየሸንተረሩ ገንዳ አውርድና ከየገንዳው ዘበኛ አቁም። ዘበኛው ዘር አይጠይቅ፤ ሳይጠጣ የሚመላለሰውን ብቻ ይመልስ። የምንጩን መንገድ ደብቅ፤ አለዚያ ዘበኛውን ዞረው ይመጡብሃል። ደመወዙንም በወር ቁረጥለት፤ በመለሰው ጭላዳ ልክ ከከፈልከው ጅብ ያደኸይሃል።»

ዋልያው እንዳለችው አደረገ። ጭላዳዎቹ ጨው ሲያጡ ወደ ሣራቸው ተመለሱ፤ ድኩላዋም ጠጣች።

ድረ ገጽ የከፈተ ሁሉ ምንጭ ጠባቂ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር የቤት ካሜራዎችን ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ አሰልፎ ዳይን የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ በውሸት ጥያቄ ሲያጨናንቅ፣ በኩባንያው ይገለገሉ የነበሩት ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙዎች አልከፈት ብለው ነበር። ካሜራዎቹ የተጠለፉት ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃላቸው ስላልተቀየረ ነው። እንግዲህ ካሜራ ያለው የይለፍ ቃሉን ይቀይር፣ ጭላዳ እንዳይሆን፤ ድረ ገጽ ያለውም ዘበኛውን ዛሬ ይቅጠር፣ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንበት።