ፍሬን አንቱታ አያውቅም

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ 65 ዓመት ሲሞላው ከዓለም አቀፍ በረራ ይሰናበታል። ዓይኑ በመርፌ ቀዳዳ ክር ቢያሾልክ፣ ልቡ እንደ ሰዓት ቢመታ ሰሚ የለውም፤ መሪውን ለልጆች አስረክቦ ይወርዳል። እኛ ጉለሌ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሰውዬው በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ አምስት ዓመት በታክሲ ሰልፍ ይንገላታል፤ ከዚያ ልጁ ከአሜሪካ ትደውልና «አባዬ፣ ኧረ መኪና ግዛ!» ትለዋለች። አብራሪው መሪ በሚለቅበት ዕድሜ የእኛ ሰው መሪ ሊጨብጥ እኔ ዘንድ ይመጣል።

እኔ መኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 26። ልጅ ሳለሁ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ስባል ከ«አብራሪ» ሌላ መልስ አልነበረኝም። የደረሰኝ ግን «ለማጅ» የሚል የተለጠፈባት አሮጌ ቶዮታ ናት። በከፍታ በኩል አላማርርም። መንገዴ ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ ቁስቋም ይወጣል፤ ከበላዩ ያለው እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በብዙ አገር ለማጅ አብራሪዎች ከዚህ ዝቅ ብለው ነው የሚበሩት።

ችግሬ ከመሬት ይጀምራል። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መኪናዋን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ከኋላዬ ያያል። «ማሙሽ፣ አስተማሪው የት ሄዱ?» ይላል። «እኔ ነኝ ጋሼ» ስል ፊቱ ላይ አንድ ተረት ሲያልፍ አነባለሁ፦ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ዕድሜ ለመጨመር ብዬ አንድ ሰሞን ጢሜን አሳደግሁ። በሳምንቱ ሦስት ተማሪዎቼ እጄን ጨብጠው «ማን ሞቶብህ ነው ልጄ? እግዜር ያጽናህ» አሉኝ፤ አንዷ እናት እንዲያውም ለለቅሶ ቤቱን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። በማግስቱ ተላጨሁ።

ከጢሙ የባሰው ቋንቋው ነው። አባቴ የሚሆን ሰው አጠገቤ ተቀምጦ «ፍሬን ያዝ!» እንዴት እለዋለሁ? ያሳደገችኝ እናት ትታየኛለች። ስለዚህ ከፊታችን ጭነት የያዘች አህያ ስትገባ የምለው እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያቺን አህያ እንዳንነካት፣ ፍሬኑን ትንሽ ያዝ ቢያደርጉልኝ…» በጨዋ አማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ አህያዋ ግን ከግሱ ትቀድማለች። ደግነቱ በእኔ በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለ። በአፌ «እባክዎን» እያልኩ በእግሬ እረግጣለሁ። ተማሪው መኪናዋ በራሱ ትእዛዝ የቆመች ይመስለውና «አየህ፣ ገባኝ!» ይለኛል። አከበርኩት ብዬ አታለልኩት ማለት ነው።

ተማሪዎቼ ዓይነታቸው ብዙ ነው። አንዱ ከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊ የነበሩ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የኋላውን በር ከፍተው ገቡና ቀበቶ ሳያስሩ ጋዜጣ ዘረጉ። እኔም ከውጭ ቆሜ ጠበቅሁ፣ እሳቸውም ከውስጥ ጠበቁ። 30 ዓመት በሾፌር የሄደ ሰው መኪና ከፊት ወንበርም እንደሚነዳ ለማስታወስ ጊዜ ይፈልጋል። ፊት ወንበር ከመጡ በኋላም ስፖኪዮ አያዩም። «ከኋላዬ ያለው ይጠንቀቅ እንጂ!» ይላሉ፤ በሥራ ዘመናቸውም እንዲህ ሳይሉ አልቀሩም።

ሌላዋ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የሚነግዱ እትዬ ናቸው። አነዳዳቸው መልካም ነው፤ ሒሳብ የለመደ ዓይን ርቀት አይስትም። ፈተናው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቁስቋም ማርያም ስትታያቸው መሪውን ለቀው በሁለት እጃቸው ይሳለማሉ፤ ጎንበስ ብለው እስኪነሱ መኪናዋን የምትነዳት እመቤታችን ናት። «እትዬ፣ መሪውን…» ስላቸው «አንተ ልጅ፣ ፈጣሪ የሌለበት መሪ የት ይደርሳል?» ብለው ተቆጡኝ። ሃይማኖት የሚነካ አስተማሪ ደግሞ በጉለሌ እንጀራ አይበላም። ተደራደርን፤ ከደጁ ስንደርስ ፍሬቻ አብርተን፣ ዳር ይዘን፣ ቆመን እንሳለማለን። ዛሬ ከተማሪዎቼ ሁሉ ዳር ይዞ በማቆም እሳቸውን የሚያህል የለም።

ዳገት ላይ መነሳትን ያስተማሩኝ ግን ሽማግሌው ሸማኔ ናቸው። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ እየለቀቁ፣ ነዳጅ እየሰጡ የእጅ ፍሬን ማውረድ ጎልማሳውን ሁሉ ያስለቀሰ ነገር ነው፤ ሞተሩ ይጠፋል፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፣ ከኋላ ያለው የሚኒባስ ወያላ «አባባ፣ ወደፊት ነው እንጂ!» ይላል። እኚህ አባት ግን በመጀመሪያው ቀን መኪናዋን እንደ ሐር አነሷት። «የት ለመዱት?» ብላቸው ሳቁብኝ። ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ አንዱን እግር ሲጫን ሌላውን ያነሳል፤ ድሩ ተከፍቶ መወርወሪያው የሚያልፈው በዚያ ነው፤ አንዱ እግር ከቸኮለ ድሩ ይበጠሳል። «40 ዓመት ስነዳ ነው የኖርኩት፤ አለመሄዴ ብቻ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ ሁሉ «ድሩን እንዳይበጥሱት» እላለሁ፤ ከእሳቸው መስረቄን ግን አልናገርም። እኔም አስተማሪ ነኛ!

«በዚህ ዕድሜዬ» ለሚለኝ ሰው የማነሳው ሌላ ምሳሌ አለኝ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ዐፄ ምኒልክ 60 ዓመት አልፏቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መቀመጥ ብቻ ሳይሆን መሪም ጨብጠዋል ይባላል። እኔን የሚያሳስበኝ አስተማሪያቸው ነው። ጃንሆይን ምን ብሎ ፍሬን አስያዛቸው? «ግርማዊ ሆይ፣ ፈቃድዎ ቢሆን…» ሲል ስንት አጥር ፈርሶ ይሆን?

ሳቁን ትቼ እውነቱን ልናገር። አብራሪነት ቢያመልጠኝም ስለ አውሮፕላን ማንበብ አልተውኩም። መጋቢት 1969 ዓ.ም. በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት ሁለት ግዙፍ አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። ሊነሳ የተንደረደረውን የኔዘርላንድስ አውሮፕላን የያዙት ካፒቴን የአየር መንገዱ የአብራሪዎች አስተማሪ ነበሩ። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣ ይሆን ብሎ በጥያቄ መልክ ጠቆም አደረገ። ካፒቴኑ ወጥቷል አሉ፤ ነገሩ በዚያው አበቃ። ከዚያ በኋላ አየር መንገዶች ለታናሹ ጮክ ብሎ መናገርን፣ ለታላቁ መስማትን ማስተማር ጀመሩ። ለካ ሰው አክብሮ ዝም ማለት በፈረንጅም አገር ኖሯል።

ይህን ያወራሁላቸው ተማሪዬ ለሆኑ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ነው። ዕድሜያቸው 72 ነው፤ ከሁሉ ያስቸገሩኝም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን በግራ በኩል ሲነዱ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ቀኝ…» ብል «ይህ መንገድ በግራ ነበር የሚነዳው! በቀኝ ያደረጉት በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ እንኳን አንተ አባትህም አልተወለደ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለውጡ የሆነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ነበር። ከፊታችን የሚመጣው ሲኖትራክ ግን ታሪክ አላነበበም።

የቴነሪፉን ነገር ሲሰሙ ሞተሩን አጠፉና ዝም አሉ። ቆይተው ስለ 1967 ዓ.ም. ነገሩኝ። ያን ጊዜ በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲወጣ እሳቸው የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። ፊደል ካስቆጠሯቸው አንዱ የ60 ዓመት ገበሬ ናቸው። ሞፈር የለመደ እጃቸው እርሳስ ሲይዝ ይሰብረዋል፤ ወጣቱ አስተማሪ ደግሞ አፍሮ ስህተታቸውን ሳያርም ያልፋል። አንድ ማታ ገበሬው «ልጄ፣ እዚህ ዛፍ ሥር ስንቀመጥ አንተ በለኝ፤ ስንነሳ አባትህ ነኝ» አሏቸው። «በወሩ ስማቸውን ጻፉ» አሉ መምህሩ። ቀጥለውም «እኔም ካንተ ጋር እንደዚያው፤ በሩ ሲዘጋ አንተ፣ ሲከፈት ጋሼ» አሉኝ።

በማግስቱ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ሚኒባስ ድንገት ከፊታችን ቆመ። ዓይኔን ጨፍኜ «ያዝ!» አልኩ። ያዙ። መኪናዋ በአንድ ክንድ ርቀት ቆመች። ላብ አጠመቀኝ፤ እሳቸው ግን ዞር ብለው «ጎበዝ! ዛሬ ነው ያስተማርከኝ» አሉ። ስንወርድ የቡናውን ልክፈል ብል «አሁን በሩ ተከፍቷል፤ ቁጭ በል!» ብለው ገሠጹኝ። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቁ፤ ሁለተኛውን አለፉ።

ለደስታው ቤታቸው ጠሩኝ። ልጆቻቸው የገዙላቸው አዲስ መኪና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የመጣው ሁሉ እንዲያ ነው። «አስተማሪው ይሞክራት» ተባለ። መምህሩ አጠገቤ፣ የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ከኋላ ተቀመጡ። እንደ ሊቅ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንደ ልማዴ በግራ እግሬ ፍሪሲዮን ፈለግሁ። ልጁ አንገቱን ብቅ አድርጎ በትሕትና፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በግራ እግርዎ ያገኙት ፍሪሲዮን ሳይሆን ፍሬን…»

ግሱ ሳይደርስ ረገጥኩት። መኪናዋ ቀጥ አለች፤ የመምህሩ ባርኔጣ የፊቱን መስታወት ሳመ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጋሼ» የተባልኩት በዚያች ቅጽበት ነው፤ አልጣመኝም። ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ በሩን ዘጋሁና «በል አንተ በለኝ» አልኩት።

እናንተም ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ «ለማጅ» የሚል መኪና ሞተሩ ጠፍቶበት ብታገኙ ጥሩንባ አትንፉ። ውስጡ አንድ ሽማግሌ መማርን፣ አንድ ልጅ ደግሞ መናገርን እየተለማመዱ ነው። ሁለቱም ጊዜ ይፈልጋሉ።