እንግዳ በረዶ ይጠርጋል?

ጋሼ፣ ትናንት ቡናው ላይ «ዜጋ ያልሆነ ሰው ምን ቤት ነውና ነው የሚመርጠው?» ብለው ተነሱብኝ። ቤቱማ እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ነው! ኪራይ የሚከፍልበት፣ በረዶ ሲጥል ደጁን የሚጠርግበት፣ ልጁን የሚያስተምርበት ቤት።

«እንግዳ ነው» አሉ። እንግዳ እግሩ ይታጠባል እንጂ ታክስ አይጠየቅም። ሲከፍል ባለቤት፣ ሲናገር እንግዳ የሚባል ሰው የለም።

«አገር ይሸጣል» አሉ። በምኑ? የ2022ቱ የዲሲ ሕግ የፈቀደለት ከንቲባውን፣ የከተማውን ምክር ቤት፣ የትምህርት ቦርዱን እና የሰፈር ኮሚሽነሩን እንዲመርጥ ነው። ፕሬዚዳንት መምረጥ የዜጋ ነው፤ እሱን ማንም አልጠየቀም። ስለ አውቶቡስ መስመርና ስለ ቆሻሻ መኪና ድምፅ የሰጠ ሰው የሚሸጠው አገር የቱ ነው?

«ታይቶ አይታወቅም» አሉ። ታኮማ ፓርክ አፍንጫዎ ሥር ናት፤ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪዋ ከንቲባ ሲመርጥ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። ስዊድን ከ1976 ጀምሮ በአካባቢ ምርጫ ታስመርጣለች። አሜሪካም ራሷ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ ግዛቶቿ ታስመርጥ ነበር፤ የመጨረሻዋ አርካንሳስ በሩን የዘጋችው በ1926 ነው። አዲስ የሆነው መፍቀዱ ሳይሆን መከልከሉ ነው፣ ጋሼ።

«እንግዲያው ዜግነት ይውሰድ!» አሉ። ይውሰድ፤ ግን ግሪን ካርድ ከያዘ በኋላ አብዛኛው ሰው 5 ዓመት መጠበቅ አለበት። ቃለ መሐላውን ሲፈጽም ደግሞ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል፤ ሕጋችን ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። እሱ እስኪወስን ልጁ አንደኛ ክፍል ላይ ቆሞ አይጠብቀውም። ትምህርት ቤቱ የሚመራው ዛሬ ነው።

የእኔ ፍርድ ይኸው፤ የአገሩ ምርጫ ለማለ ሰው፣ የሰፈሩ ምርጫ ለሚኖርበት ሰው።

ወረቀት የያዝሽ እህቴ፣ የያዝክ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ግን አደራ። መንገድ ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ጎረቤትህ ይህ መብት የለውም። ዜጋ ሳይሆኑ «ዜጋ ነኝ» ብሎ መመዝገብ ከአገር ያስባርራል። መጀመሪያ የከተማህን ምርጫ ቢሮ ጠይቅ። የተፈቀደልህ ከሆነ ግን ቤትህ አትቀመጥ፤ ሄደህ ምረጥ።