የ«ዋናው» ፈላጊዎች

የሙዚቃ ደራሲውን የጆርጅ ገርሽዊንን «ራፕሶዲ ኢን ብሉ» የሚወድ ሰው አንድ ሸክላ ገዝቶ አርፎ አይቀመጥም። ሁለተኛ ይጨምራል፣ ሦስተኛ ያስመጣል። መደርደሪያው ሲሞላ እንግዳ ይጠራና መግቢያው ላይ ከታች ተነስታ እያላዘነች ሽቅብ የምትወጣዋን የክላሪኔት ድምፅ ብቻ ከየሸክላው ያስደምጠዋል። ምስኪኑ እንግዳ ፒያኖው እስኪገባ ይጠብቃል። ወይ ፒያኖ! ሸክላው ተነስቶ ሌላ ተተክቷል። «ይኼኛው ቸኩሏል። ያኛው ደግሞ አጓተተው። ዋናው ግን...»

ዋናው! ገርሽዊን እኮ ያችን መግቢያ እንዲያ አድርጎ አልጻፋትም። እሱ የጻፈው ኖታዎቹ አንድ በአንድ እየተለዩ እንዲወጡ ነበር። ሮስ ጎርማን የተባለው ክላሪኔት ተጫዋች በልምምድ ላይ ለቀልድ ድምፁን ሳያቋርጥ ቢጎትተው ደራሲው ወደደውና በዚያው ጸና። ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላ ጢማም ሰዎች ቀልዱ በምን ያህል ቁምነገር መነፋት እንዳለበት ይሟገታሉ።

ፒያኖውም ቢሆን ያው ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1924 ኒውዮርክ ኤኦሊያን አዳራሽ ውስጥ በፖል ዋይትማን ባንድ ሲቀርብ፣ ገርሽዊን የራሱን ክፍል በከፊል እዚያው እየፈጠረ ነበር የተጫወተው። የባንዱ መሪ ኖታ ላይ አንድ ቦታ ሰፍሮ የነበረው ትእዛዝ፣ ፒያኒስቱ ራሱን እስኪነቀንቅ ጠብቅ የሚል ነው። እንግዲህ የዚያን ምሽት ዋናውን የሚፈልግ ሰው ንቅናቄውን ይፈልግ።

ሥራው በዚያው ዓመት ጁን ላይ ተቀረጸ። የጊዜው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ስለነበር፣ ሩብ ሰዓት የሚያልፈው ሙዚቃ ተቆራርጦ በሁለት ገጽ ዘጠኝ ደቂቃ ሆነ። በ1927 በኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ሲደገም ደግሞ ዋይትማንና ገርሽዊን ተጣሉና ባንዱን የመራው ናትናየል ሺልክረት ነው። ሸክላው ላይ የተለጠፈው ስም ግን የዋይትማን። ሰብሳቢያችን ይህን ስም ጣቱን እያሳረፈ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነበዋል።

ከሁሉም የሚብሰው የ1976ቱ ቅጂ ነው። ገርሽዊን ከሞተ 39 ዓመት ሆኖታል፤ ነገር ግን በ1925 ለራስ-ተጫዋች ፒያኖ በተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ ጣቶቹ ቀርተው ነበር። በጥቅሉ ላይ የኦርኬስትራውን ድርሻም ጭምር የተጫወተው እሱው ስለሆነ፣ የኦርኬስትራው ቀዳዳዎች ተደፈኑና የኦርኬስትራ መሪው ማይክል ቲልሰን ቶማስ ሕያዋኑን ሙዚቀኞች ይዞ ሟቹን ተከትሎ ሮጠ። ይህን የሰማ አፍቃሪ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ፈጥኗል፤ መንፈሱን አልያዘውም።» ደራሲውን ነው እንግዲህ!

ሥራውን የጃዝ ሰዎች ጃዝ አይደለም፣ የክላሲካል ሰዎች ክላሲካል አይደለም ብለው ከሁለት ያጣ ጎመን ሲያደርጉት ኖረዋል። የኦርኬስትራ መሪው ሊዮናርድ በርንስታይን በ1955 ይህ ቅንብር ሳይሆን የተጣበቁ ቁርጥራጮች ክምር ነው፣ የፈለግኸውን ቆርጠህ ብታወጣ አይጎዳም የሚል ሐሳብ ጻፈ። በ1959 ደግሞ ፒያኖውን ራሱ እየተጫወተ፣ ኦርኬስትራውንም ራሱ እየመራ ቀረጸው። ሌላ ሰው እንዳያበላሸው ሰግቶ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ክርክር ያልደረሰበት አንድ ቦታ ግን አለ። ዩናይትድ አየር መንገድ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዜማውን ለማስታወቂያ ወስዶታል፤ ከዋሽንግተን ደለስ የሚነሱ የእኛ ሰዎችም ስሙን ሳይሰሙ ሙዚቃውን ለምደውታል። የደኅንነት ቀበቶ አስተሳሰር በሚታይበት ፊልም ሥር ሲያጅብ፣ ጃዝ ይሁን ክላሲካል የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው የአደጋ መውጫው በየት በኩል እንደሆነ ነው።