ጥርሷን የታጠበች ቪትዝ

ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቴ ሚስት ከበረንዳው ሆና «የጥርስ ሳሙናውን ማን ወሰደው?» ስትል ሰማሁ። ሌባው ሩቅ አልሄደም። ሲልቨር ቪትዙ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ሳሙናውን አሮጌ ካልሲ ላይ እየጨመቀ የግራ በሯን ይፈትጋል።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ማታ ነው። ስንዝር በማትሞላ ጭረት። «ና እዚህ ጋ፤ ጎንበስ በል፤ አሁን ወደ ፀሐይ ዙር» ብሎ ሦስቴ ካዞረኝ በኋላ «አዎ፣ አየኋት» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ያየኋት ጉርብትናችን እንዳይሻክር ስል ነው።

ከዚያ ምርመራው ቀጠለ። የጥበቃው ብስክሌት ተጠረጠረ። የሰፈሩ ኳስ ተጫዋቾች ተጠረጠሩ። ፓርኪንግ ያስቆመው ልጅማ በሌለበት ተፈረደበት። ያልተጠረጠረ አንድ ሰው ቢኖር በየማለዳው ደረቅ ጨርቅ ይዞ የመኪናዋን አቧራ የሚወለውለው ባለቤቷ ነው። የአዲስ አበባ አቧራ ደግሞ የደቀቀ ድንጋይ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ሲያሹት ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። መኪናዋ ፀሐይ ላይ ስትቆም ኮፈኗ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው። ግን ስሙ «ንጽህና» ስለሆነ ማንም አይከሰስበትም።

የጥርስ ሳሙናው ከንቱ ነው አልልም። የመኪና ቀለም ድርብርብ ነው፤ ላሜራው ላይ ፕራይመር፣ በላዩ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያብረቀርቀው ክሊር። ክሊሩ 50 ማይክሮን ገደማ ቢሆን ነው፤ ከራስ ፀጉር ይሳሳል። ጥፍርዎን ሲያስኬዱባት ካልያዘችዎት ጭረቷ ክሊሩ ላይ ብቻ ናትና ፖሊሽ ያጠፋታል፤ ለቀላሏ የጥርስ ሳሙናም ይበቃል። ክፋቱ፣ ሁለቱም ጭረት አይሞሉም። ዙሪያዋን ልጠው ከእሷ እኩል ዝቅ ያደርጉታል። አንድ ጉድጓድ ላለመድፈን ሰፈሩን በሙሉ እንደ መቆፈር ማለት ነው (የከተማችንን መንገድ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም)። ጎረቤቴ እስከ አራት ሰዓት ሲቆፍር አረፈደ። ጭረቷ ጠፋች። በምትኩ የሲኒ ማስቀመጫ የሚያክል የደበዘዘ ክብ መጣ። ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ይሏል ይሄ ነው።

ይሄኔ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ የጥፍር ቀለም አዘዘች። አንዱ «ስቲከር ለጥፍበትና ተገላገል» አለ፤ ከሁሉም ብልህ እሱ ነበር፣ ማንም አልሰማውም። ሦስተኛው «የማውቀው ልጅ አለ» አለ። በዚህ አገር ስንቷ መኪና ጤናዋን ያጣችው በዚህ «የማውቀው ልጅ» እጅ ነው!

የሚታወቀው ልጅ በሩን በመዳፉ ዳሰሰ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ምንም አይደል። ግን በሩን ሙሉውን ነው የምንቀባው።» የቀለሟ ቁጥር የሚጻፍባት ትንሽ ሰሌዳ ነበረች፤ 1ኤፍ7 ትላለች። ልጁ ዞር ብሎም አላያት፤ «ዓይኔ ኮምፒውተር ነው» አለ። ሲልቨር ግን ተንኮለኛ ቀለም ነው። ውስጡ የአሉሚኒየም ብናኝ ስላለ የኮምፕረሰሩ ግፊትም ሆነ የቀቢው እጅ መራቅና መቅረብ መልኩን ይለውጠዋል። ጎኑ ያለው ፓራፋንጎ ደግሞ ስንት ዓመት ፀሐይ በልቶታል። ቀብቶ ሲጨርስ ጋራዡ ጥላ ውስጥ ሁለቱ ልክክ አሉ። አስፋልት ላይ ስትወጣ በሯ ከሌላ ቪትዝ የተዋሰችው መሰለ።

«ፍሬኗስ?» አልኩት ስንመለስ። ከፋሲካ ጀምሮ ሸራው እንደ ፍየል ይጮኻል።

«እሱ ይደርሳል።»

ቀቢው «ቀለሙ እስኪጠነክር እጅ እንዳታስነካት» ስላለው ጎረቤቴ ጨርቁን ሰቀለ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገው ትክክለኛ ነገር ይህ ነበር፤ ግን አቧራው በሦስት ቀን ጣት የሚያሰምጥ ሆነ። ሐሙስ ከትምህርት ቤት የሚመለስ አንድ ልጅ አዲሱ በር ላይ በጣቱ፣ በትልልቁ፣ «እጠቡኝ» ብሎ ጻፈ።

ታጠበች። ደረቀች። ፀሐይ ወጣ።

«ና እዚህ ጋ፤ ጎንበስ በል» አለኝ ጎረቤቴ።

መጎንበስ አላስፈለገኝም። ከደጄ ሆኜ አነበብኩት፤ የ«ጠ» እግሮች ሳይቀሩ ጥርት ብለው ይታያሉ። ቀና ስል ሚስቱ በረንዳው ላይ ቆማለች። ባሏን አየች፣ በሩን አየች፣ ምንም ሳትናገር ገባች። ወዲያው የመታጠቢያ ቤቱ በር ከውስጥ ሲቆለፍ ሰማሁ።