የበረሃ አበል

ጎረቤቴ ጋሼ ኮት ላይ ጋቢ ደርበው፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አፋር ሰመራ ልዛወር ሲሉ ከረሙ። አንደኛ ጉልበታቸው፣ ሁለተኛ የበረሃ አበል። መንግሥት እኮ 40 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት ለሚያልበው ሠራተኛው አበል ያስባል፤ 2,400 ሜትር ላይ፣ የጮቄ ነፋስ እየገረፈው ጥርሱን ለሚያፋጨው ግን ምንም። ብርድ የግል ጉዳይ ነው መሰለኝ።

ለሙከራ በደጀን በኩል ዓባይ በረሃ ወረዱ። ድልድዩ ጋ ጋቢው ወለቀ፤ ቀጥሎ ኮቱ፣ ቀጥሎ ሹራቡ። ከዚያ በታች ያለውን በይሉኝታ ተዉት።

«አባቴ፣ ሰመራ እኮ ከዚህም ቆላ ነው» አላቸው ሾፌሩ።

አሁን ማመልከቻውን አሻሽለውታል፦ ባሉበት ሆነው የብርድ አበል እንዲታሰብላቸው። አባሪ፣ የጉልበት ራጅ።