ሰው የማይሳፈርበት ባቡር

ሊማ የጣሊያን የሞዴል ባቡር አምራች ነበር። ባቡሮቹ በብዛት ከእውነተኛው 87 እጥፍ ያነሱ፣ በ16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ የሚሄዱና ርካሽ ነበሩ። ሞተራቸው ቢንጫጫም ሶኬት ሲሰካ ይንቀሳቀሱ ስለነበር ዛሬም በፍቅር ይወሳሉ። ድርጅቱ ከስሮ ንብረቱን የእንግሊዙ ሆርንቢ የገዛው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ወሎ ግን ሞዴሉን ሳያሳንስ፣ በልኩ አሠራ። የቱርኩ ያፒ መርከዚ እ.ኤ.አ. በ2012 የተዋዋለው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ነው፤ ለ87 ቢካፈል ቁርጥ ሊማ ይወጣዋል። ዋሻ አለው፣ ድልድይ አለው፤ እንደ ማንኛውም ጥሩ ሞዴል የጎደለው ተሳፋሪ ነው። ሶኬቱም ነገር አለበት፦ ኤሌክትሪክ ሲጠበቅ ጦርነት ቀድሞ ደረሰ።

የላሊበላን አገር ላስታን ግን የባቡሩ ሐሳብ አይነካውም። መስመሩ ስለማይደርስበት የላሊበላ መንገደኛ ከወልድያ በድልብና በጋሸና አድርጎ በመኪና ዳገቱን ይወጣል፤ የሚናፍቀው ባቡር የለውም። በዚያ ላይ አካባቢው በግንባታ በኩል የለመደው ሌላ ነው፦ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሲታነጹ፣ በትውፊቱ መሠረት፣ የሌሊቱን ፈረቃ የሸፈኑት መላእክት ናቸው። የሐዲዱ ውል ይህን አላካተተም።